ወሰን የሚሻገር ወረቀት

ከነጌሌ ቦረና እስከ ሞያሌ በተዘረጋው ቆላ የሚጓዝ ሹፌር ከወሰኑ ሲደርስ መንገዱ ቢቀጥልም ሕጉ ይለወጣል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የተሽከርካሪ ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዛውር ኬንያ በግራ ጸንታለች። ስለዚህ ተሻጋሪው መሥመሩን መለወጥ፣ ችሎታውንም በሰነድ ማስመስከር ይገባዋል።

ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ በ1918 ዓ.ም. በፓሪስ ስምምነት ተደንግጎ፣ በኋላ በ1942 በጄኔቫ፣ በ1961 በቪየና በተፈረሙት ስምምነቶች ተሻሽሏል። ይህ ሰነድ የአገር ቤቱን ፈቃድ በሌሎች ቋንቋዎች የሚያስረዳ እንጂ የሚተካ አይደለም፤ ያለ ዋናው ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ይሁንና የመንጃ ፈቃድ ስለ ሹፌሩ ይመሰክራል እንጂ የተገጨውን እግረኛ አይክስም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1979 ዓ.ም. የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ በፈረሙት ፕሮቶኮል «ቢጫ ካርድ» ተቋቋመ። ኢትዮጵያና ኬንያ የገቡበት ይህ ዋስትና፣ በባዕድ አገር ሰሌዳ የተጎዳ ሰው በገዛ አገሩ ሕግ ካሣውን እንዲያገኝ ያስችላል።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የኬላ ጣቢያ ሲመረቅ የፍተሻው ውጣ ውረድ እንዲቀንስ ታስቦ ነበር። ኬላው ቢቀልም የሹፌሩ ኃላፊነት አይቀልም፤ የወረቀቱ ዋና ባለቤት ከወሰን ማዶ በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ ነውና።