የማን እንደራሴ?

በጁን 1983 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ለንደን፣ ኢዝሊንግተን ኖርዝ በተባለው የምርጫ ክልል፣ ሌበር ፓርቲን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተፎካከሩ። ማይክል ኦሃሎራን ከ1969 ጀምሮ የክልሉ እንደራሴ ነበሩ። ሌበርን ትተው አዲሱን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ቢቀላቀሉም፣ ፓርቲው ሌላውን የቀድሞ የሌበር እንደራሴ ጆን ግራንትን አቀረበና እሳቸው በግል ለመወዳደር ተገደዱ። ሦስተኛው ጄረሚ ኮርቢን በ5,607 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ።

የፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያና መስጊዱ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ስሙን የሰጠው መናፈሻ ግን ድንበሩን ተሻግሮ በሃሪንጌይ ይገኛል፤ ኮርቢንም ከ1974 ጀምሮ የምክር ቤት አባል ሆነው ሥራውን የለመዱት በሃሪንጌይ ነው።

«እንደራሴ» የሚለው ቃላችን መጀመሪያ ወደ ላይ የሚያይ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 የንግሥት ዘውዲቱ እንደራሴ ሲባሉ በዙፋኑ ስም ይሠሩ ነበር። በ1957 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ሲመረጡ ቃሉ ፊቱን ወደ ታች አዞረ። ያኔ ፓርቲ ስላልነበረ ሁሉም የገቡት በግል ነው። ፓርቲ ሲመጣ ደግሞ ግለሰቡ ጠፋ፦ በ2010 ከ547ቱ ወንበሮች በግል ተወዳድረው ያገኙት የቦንጋው ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ።

ኮርቢን በ1997 እና በ2010 መካከል፣ የገዛ ፓርቲያቸው ሥልጣን ላይ ሳለ፣ ከ400 ጊዜ በላይ ከፓርቲው መመሪያ ውጭ ድምፅ ሰጥተዋል፤ የኢራቅ ጦርነት አንዱ ነው። እኛን ከሚነካው ደግሞ፣ በ2014 ከሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ስለተወሰዱት አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ጉዳይ በፌብሩዋሪ 2015 ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ በተዘጋጀው የፓርላማ ልዑክ ውስጥ ነበሩ። ጉዞው ግን ሳይሳካ ቀረ።

በዚያው ዓመት መስከረም የፓርቲው መሪ ሆኑ። ለእኔ የሥራ ዘመናቸው ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ሲያምፁ የኖሩት ሰው ታማኝነት ጠያቂ ሆኑ። በጁን 2016 የሌበር እንደራሴዎች 172 ለ40 በሆነ ድምፅ እምነት ነፈጓቸው፤ እሳቸው ግን የመረጡኝ የፓርቲው አባላት ናቸው ብለው ከወንበሩ አልተነሡም። መከራከሪያው ትክክል ቢመስልም፣ እነዚያ 172ቱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መራጭ ነበራቸው። ሌላው ዘንድ ያልተቀበሉትን ነፃነት ለራሳቸው መፈለጋቸው፣ በእኔ እይታ፣ የመሪነታቸው ድክመት ነው። በ2019 ሌበር ወደ 202 ወንበር ወረደ፤ ከ1935 ወዲህ ዝቅተኛው ነው።

በ2020 በፓርቲው ውስጥ ስለነበረው ጸረ አይሁድነት የወጣውን ሪፖርት ተከትሎ ችግሩ ለፖለቲካ ተጋንኗል በማለታቸው ታገዱ። በ2023 ሌበር ዳግም እንዳይወዳደሩለት ወሰነ። በጁላይ 2024 ኮርቢን በግል ቀረቡ፤ ልክ እንደ ኦሃሎራን። ኦሃሎራን ከ41 ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ሲሞክሩ ተሸንፈዋል። ኮርቢን 24,120 ድምፅ አገኙ፤ የሌበሩ ዕጩ 16,873።