ከሐረር ሽቦ እስከ ኢሲም፦ ድምፃችን የተጓዘበት መንገድ



«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ አበው። በየዓመቱ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ከፊሊፕስና ከአካባቢው ወደ አገር ቤት የሚጓዘው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ሻንጣ ሲዘጋጅ ለእናት የሚሆነው መድኃኒት፣ ለልጆች የሚሆነው ጫማ ሁሉ ይታሰባል። ስልኩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ቦሌ ከተደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ኢሲም የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣና መንገደኛ እንዴት እንደሚመርጠው ከሥሩ ጀምረን እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽቦና ሸክላ

በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን ወልደ ሚካኤል በ1889 ወደ ኢጣሊያ ተልከው ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ። መሣሪያው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሞከር፣ ሰው ሳይታይ ድምፅ የሰሙ አንዳንድ ካህናት «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ተማጠኑ ይነገራል። ምኒልክ ግን አልተመለሱም። በ1890ዎቹ አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ።

ከባሕር ማዶ ጋር ድምፅ ለመለዋወጥም ብዙ አልቆየንም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 በድምፅ መቅጃ ሸክላ ላይ መልእክት ቀድተው ለምኒልክ ላኩ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀድተው መለሱ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወገናችን «እንዴት ናችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ» እያለ በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ሲልክ፣ ሳያውቀው የእነርሱን መንገድ መከተሉ ነበር።

በ1951 የዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1952 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ሆኖም ስልክ ለአብዛኛው ሕዝብ የጎረቤት ንብረት ሆኖ ለረጅም ዘመን ቆየ። ከውጭ ሲደወል አንድ ልጅ ሮጦ ይጠራል፤ እናት ነጠላዋን እያስተካከለች እስክትደርስ የደዋዩ ደቂቃ ይቆጥራል።

የካርዱ ዘመን

በ1990ዎቹ እዚህ ከተማ የነበረ ሰው የጥሪ ካርዱን አይረሳውም። ካርዱ ይፋቃል፣ ረጅሙ ቁጥር ይመታል፣ ከዚያ 011፣ ከዚያ 251። በካርዱ ላይ የተጻፈውና በእውነት የሚገኘው ደቂቃ ግን ብዙ ጊዜ አይገናኙም ነበር። ገና ሲገናኝ የሚቆረጥ ክፍያ አለ፤ ደቂቃው ወደ ላይ ይጠጋጋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2008 በማታለል የከሰሳቸው ካርድ ሻጭ ኩባንያዎች ነበሩ። ይህን ትምህርት እንያዘው፤ ኢሲም ስንመርጥ ይጠቅመናል።

በዚሁ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሌላ ነገር ተወለደ። በ1991 በፊንላንድ የመጀመሪያው የጂ.ኤስ.ኤም. ጥሪ ሲደረግ፣ ጊዜከ ኡንድ ዴቭሪንት የተባለው የሙኒክ ኩባንያ የሲም ካርድ ሠራ። ሲም የደንበኛው መታወቂያ ነው፤ ቀፎው ቢለወጥም ቁጥሩ ከሲሙ ጋር ይሄዳል። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1999 ነው። መጀመሪያ የባንክ ካርድ የሚያህለው ሲም ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዶ የጥፍር ያህል ሆነ። በ2016 ደግሞ ለተራ ተጠቃሚ ስልኮች የሚሆን የኢሲም ደንብ ወጣ። ኢሲም ማለት በቀፎው ውስጥ የተቀበረ ሲም ነው። ካርድ አይገባበትም፤ ኪውአር ኮድ በካሜራ ሲነበብ የኔትወርኩ መታወቂያ በኢንተርኔት ይጫናል።

ለእኛ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2022 ነው። በዚያ ዓመት አፕል ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው አይፎን 14 የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም። እዚህ ተገዝቶ ቦሌ የደረሰ እንዲህ ያለ ስልክ ዘመድ የገዛውን ሲም ካርድ የሚቀበልበት ቀዳዳ አያገኝም። በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ሥራ ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አከተመ። ስለዚህ መንገደኛው ምርጫ አለው፤ ምርጫ ደግሞ እውቀት ይጠይቃል።

ከመነሳት በፊት

አንደኛ፣ ስልክዎ የተቆለፈ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በወር ክፍያ የተገዛ ስልክ ዕዳው እስኪያልቅ በድርጅቱ ሊቆለፍ ይችላል። ከዚያም *#06# ይምቱ፤ ኢአይዲ የሚል ረጅም ቁጥር ከታየ ስልክዎ ኢሲም ይቀበላል።

ሁለተኛ፣ ዳታ ብቻ ወይስ ቁጥርም ጭምር እንደሚፈልጉ ይለዩ። ለመንገደኞች የሚሸጡት ኢሲሞች አብዛኞቹ ዳታ ብቻ ናቸው። ለሁለት ሳምንት መልእክትና ካርታ ለሚበቃው ይሆናሉ። አክስትዎ ከገጠር በተራ ስልክ እንዲደውሉልዎ ከፈለጉ ግን በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የአገር ቤት ቁጥር ያስፈልጋል። ለዚህም ፓስፖርት ይዘው በኩባንያው ቢሮ ይመዝገቡ፤ ኢሲም እንደሚፈልጉም አስቀድመው ይናገሩ።

ሦስተኛ፣ ሻጩ በየትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ ይጠይቁ። ከትልልቅ ከተሞች ርቀው የሚሄዱ ከሆነ የኢትዮ ቴሌኮም ሽፋን ይሰፋል። «ገደብ የለውም» የሚለውንም እንደ ጥንቱ ካርድ ይጠርጥሩት፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ የሚቀነስ አለ። የአገልግሎቱ ቀን ከግዢው ወይስ ከመድረስ እንደሚቆጠርም ያንብቡ።

አራተኛ፣ ኢሲሙን እዚሁ በዋይፋይ ይጫኑት። ቤት ኢንተርኔት ከሌለ በፍራንክሊን ጎዳና ያለው፣ ከ1914 ጀምሮ ያገለገለው ቤተ መጻሕፍት ዋይፋዩ በነፃ ነው። ከጫኑ በኋላ አይሰርዙት፤ ኮዱ ሁለተኛ ላይሠራ ይችላል። ሲደርሱ የአሜሪካው መስመር የዳታ ሮሚንግ ይዘጋ። መስመሩን ጨርሰው ግን አያጥፉት፤ ባንክዎ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ኢሲም አይፈታውም። ከ2005 ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በኅዳር 2020 ጦርነት ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቷል። ኢሲምም ሲም ካርድም የሚሠሩት በዚያው የስልክ ማማ ነው፤ ማማው ዳታ ሲያቆም ሁለቱም ያው ናቸው። ያን ጊዜ ከተሠራ ድምፅ ጥሪ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ የሦስት ዘመድ ቁጥር፣ ቢቻል የአንዱ የቤት ስልክ፣ በወረቀት ተጽፎ በፓስፖርቱ ውስጥ ይቀመጥ። እዚህ ለሚቀሩትም የጉዞው ቀንና የሚያርፉበት ቤት ቁጥር ይሰጣቸው። አለዚያ ድምፅ የጠፋ ቀን ጭንቀቱ የሁለት አገር ይሆናል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፣ ከሻንጣው በፊት ስልኩ ይዘጋጅ።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ግቡ!