ውጅግራ እና የጥቁር ባሩድ ዕዳ

ከመርሳ ብዙም የማይርቀው ውጫሌ የሚታወሰው በ17ኛው አንቀጽ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ግን የጦር መሣሪያ በምፅዋ በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲገባም ይፈቅድ ነበር።

የዚያ ዘመን ስመ ጥር ጠመንጃ ውጅግራ ነው፤ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ።

የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ ብረቱን ይበላል። ዘይት ብቻውን አያስለቅቀውም። በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ዘይት ይቀባል። ከአያት የተወረሰ ውጅግራ ዛሬም ደህና ከሆነ፣ ተኩሶ ሳያጥብ የማያድር ባለቤት ነበረው ማለት ነው።

ከመወልወሉ በፊት ግን አፈሙዙ ከሰው ይርቃል፤ ተከፍቶም ጥይት አለመጉረሱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። «ድሮ የተሰቀለ ነው፣ ባዶ ነው» ማለት ማረጋገጫ አይደለም። ለጠላት የተገዛ መሣሪያ የቤት ልጅ እንዳይገድል፣ ጥንቃቄው ከወልዋዩ ይጀምራል።