ጉድለትን የጠበቀ ቅጂ

ዲስኩ 4 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ አሮጌ ኮምፒውተር ከመጣል አድኜ የድሮ ጨዋታዎች ማጫወቻ አደረግሁት። አቅሙ አነሰ አትበሉ፤ የጃፓኑ ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ፓክማን ከነሥዕሉ 30 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

የጥንቶቹ ማሽኖች እያረጁ ሲሄዱ ኢጣሊያዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 አሠራራቸውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚደግም «ማሜ» የተባለ ፕሮግራም አወጣ። የሚደንቀው ስሕተታቸውንም መድገሙ ነው! የፓክማን ደረጃ ቆጣሪ ከ255 በላይ ስለማይቆጥር፣ 256ኛው ደረጃ ላይ የስክሪኑ ቀኝ እኩሌታ በተመሰቃቀሉ ፊደላትና ምልክቶች ይሞላል። ማሜም እንዳለ አቆየው፤ የብራና ገልባጭ የቀደመውን ጸሐፊ ግድፈት እንደሚያቆይ።

ቀኑን ሙሉ በባንክ የሒሳብ ስሕተት ሳርም ለምውል ለእኔ ይህ እንግዳ ደስታ ነው። ማታ ማታ ያን የፈረሰ ገጽ በዓይኔ ለማየት እጫወታለሁ፤ ከ9ኛው ደረጃ ግን አላለፍሁም።