የሯጭ ሕመምና የሩጫ ውጤት፤ በአበበ ቢቂላ የኦሊምፒክ ታሪክ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

ስለ አበበ ቢቂላ በትምህርት ቤትም ሆነ በየቤቱ ሲነገር ሁለት ነገሮች ሳይጠቀሱ አይታለፉም። አንደኛው በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ ነው፤ ሁለተኛው በቶክዮ ከኦፕራሲዮን ተነሥቶ ድሉን መድገሙ ነው። በሜክሲኮ ውድድሩን አቋርጦ መውጣቱ ግን ወይ ሳይነገር ይቀራል፤ ወይም «አሞት ነበር» በሚል ቃል ብቻ ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሦስቱን ውድድሮች ጎን ለጎን አቅርቦ፣ ሯጩና አሠልጣኙ የአካልን ጉዳት እንዴት እንደ መዘኑት መመርመር ነው። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።

በመጀመሪያ የሮምን ውድድር እንመልከት። አበበ በነሐሴ ወር 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለ ቀበሌ ተወልዶ በኋላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ስዊድናዊ ነበሩ። ሮም ከደረሱ በኋላ ለአበበ የተገኘው ጫማ አልስማማ አለው፤ እግሩንም ላጠው። አበበ ደግሞ በአገሩ በባዶ እግሩ መሮጥን የለመደ ነበርና፣ ጫማውን ትቶ እንዲሮጥ ሁለቱ ተስማሙ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለት በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ከእርሱ የዘገየው 25 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የድህነት ምልክት፣ ሌላውም እንደ ተአምር አድርጎ ይተርከዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን በጥንቃቄ የተደረገ ምርጫ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ሩጫ የተላጠ ተረከዝ 25 ሴኮንድ ለማስጣል አይሳነውም። ስለዚህ ሯጩና አሠልጣኙ ያደረጉት ትንሹን ጉዳት ሳይንቁ፣ ትልቅ ከመሆኑ በፊት መከላከል ነበር።

የቶክዮው ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1957 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ለውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀር፣ አበበ የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት ኦፕራሲዮን ተደረገ። እስከዚያ ቀን ድረስ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሆዱ ገና የተሰፋ ሰው ይህን ያደርጋል ብሎ የሚጠብቅም ጥቂት ነበር። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። በመጀመሪያ የአውስትራሊያው ሮን ክላርክና የአየርላንዱ ጂም ሆጋን ይቀድሙ ነበር፤ ከመንገዱ አጋማሽ ወዲህ ግን አበበ ብቻውን መራ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲገባ ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አበበም ሌሎቹ እስኪመጡ ድረስ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

ከዚህ ድል ሕዝቡ የተማረው ትምህርት «ቆራጥ ሰው ሕመምን ያሸንፋል» የሚል ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የትርፍ አንጀት ሕመም ሩጫ ያመጣው አይደለም፤ ሩጫውን የሚሸከሙትን እግርና ጉልበትም አይነካም። ሐኪም ቆርጦ ካወጣውና ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ለብዙ ወራት የተደረገው ልምምድም በጥቂት ሳምንት ዕረፍት ከሰውነት ተጠራርጎ አይጠፋም፤ እንዲያውም ዕረፍቱ የደከመ እግርን ሳይጠቅም አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል። እንግዲህ በቶክዮ ያሸነፈው ቆራጥነት ብቻ ሳይሆን በጊዜው የተደረገ ሕክምናና ዕረፍት ጭምር ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ጉዳት ግን ከሌላ ወገን ነበር። በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔን አገር በዛራውስ ከተማ በተደረገው ማራቶን አበበ እግሩን ታሞ አቋርጦ ወጣ። ከዚያም ወዲህ የጀመረውን ማራቶን ሊጨርስ አልቻለም። ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ በተዘጋጀበትም ወቅት ሕመሙ ተመለሰበት፤ ሐኪሞችም እግሩን እንዲያሳርፍ መከሩት። ስለ ሕመሙ የጻፉ ሰዎች በአንድ ቃል አይስማሙም፤ አንዱ የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ተሰንጥቆ ነበር ሲል፣ ሌላው ጉልበቱ ነው ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት ጉዳቱ በእግሩ ላይ እንደ ነበረ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ከትርፍ አንጀት የሚለየው ሩጫ ራሱ የሚያባብሰው በመሆኑ ነው። ቁስሉን የሚያድነው ዕረፍት ነው፤ ውድድሩ የሚጠይቀው ደግሞ ልምምድ ነው። በቶክዮ የሠራው ቆራጥነት እዚህ የቁስሉ ተባባሪ ይሆናል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር በምትገኘው በሜክሲኮ ከተማ አበበ በደረቱ ላይ ቁጥር 1 ለጥፎ ተነሣ። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ እግሩ አልታዘዝ ስላለው ወጣ። ከመውጣቱም በፊት አብሮት ለነበረው ለማሞ ወልዴ ድሉን አደራ እንዳለው ይነገራል። ማሞም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ሁለተኛውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ሦስተኛው ኢትዮጵያዊ መራዊ ገብሩ ስድስተኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ማሞ ወልዴ በቶክዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ቢሆንም ማራቶኑን አቋርጦ የወጣ ሰው ነበር። በዚያ ቀን ያቋረጠው ከአራት ዓመት በኋላ አሸነፈ፤ በዚያ ቀን ያሸነፈውም ከአራት ዓመት በኋላ አቋረጠ። ማቋረጥ የሯጭነት ፍጻሜ ወይም የወኔ ማነስ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሜክሲኮው ድልም የተገኘው ተስፋው ሁሉ በአንድ ታማሚ እግር ላይ ስላልተጣለ ነው።

ተስፋ በአንድ ሰው ላይ ሲጣል የሚሆነውን ከቶክዮው ሦስተኛ፣ ከጃፓናዊው ኮኪቺ ቱቡራያ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እርሱም እንደ አበበ ወታደር ነበር። ስታዲዮም ውስጥ በሂትሊ በመቀደሙ አዝኖ በሜክሲኮ ሊክስ አስቦ ሳለ፣ የወገብ ሕመም አላስሮጥ አለው፤ በታኅሣሥ መጨረሻ 1960 ዓ.ም. ገና በ27 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱ አለፈች። ሐዘኑ አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው ለማለት አይቻልም፤ የታመመ አካልና የአገር ተስፋ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲገናኙ ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ያሳያል።

አበበ ከሜክሲኮ ከተመለሰ በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሸኖ አጠገብ መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ፤ በ1962 ዓ.ም. ክረምትም በዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ። ድሉን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ እንደ ተቀበለ ሁሉ አደጋውንም እንዲሁ እንደሚቀበል ይናገር ነበር። ከሮም ድል ልክ በ12ኛው ዓመት፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ በሙኒክ ማራቶን ሦስተኛ ሆነ። አበበም ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ጥናት የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሯጩንና አሠልጣኙን ትልቅ የሚያደርጋቸውም የትኛው እንደሚታለፍ፣ የትኛው እንደሚታረፍለት መለየታቸው ነው። የሮምና የቶክዮ ታሪክ ብቻውን ሲተረክለት ያደገ ወጣት ሕመሙን ከአሠልጣኙ መደበቅን ጀግንነት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ለልጆቻችን የአበበን ድል ስንነግር፣ በ16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያቆመበትንም አብረን ብንነግራቸው ክብሩን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይሆንም።