የመኪና ማንሻ (ለቤት ጋራዥ)

የመኪና ማንሻ ተሽከርካሪን ከመሬት ከፍ አድርጎ ከሥሩ ለመሥራት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ስሙ በየመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሚገኘው ትንሽ ክሪክ አንሥቶ በትላልቅ ጋራዦች እስከሚታየው ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ድረስ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። ይህ ጽሑፍ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ መኪናውን ራሱ ለሚጠግን ሰው የሚሆነው ማንሻ እንዴት እንደሚመረጥ ያብራራል። ምሳሌው የተወሰደው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። አምራቾች የአጠቃቀም መመሪያ ሲጽፉ ወለሉ ለጥ ያለ አርማታ እንደሆነ አድርገው ያስባሉ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው ዳገት ላይ ባሉ ግቢዎች ግን ለጥ ያለ ቦታ ብዙውን ጊዜ በቁፋሮና በሙሌት የሚገኝ ነው። በዚህ ምክንያት እዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከማሽኑ ሳይሆን ከወለሉ ነው።

አሠራርና ታሪክ

አብዛኞቹ ማንሻዎች የሚሠሩት በሃይድሮሊክ ማለትም በታመቀ ዘይት ግፊት ነው። መርሑ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ሊቅ በብሌዝ ፓስካል ስም ይጠራል። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። ስለዚህ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትንሽ ፒስተን ላይ የ50 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ቢያርፍ፣ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቁ ፒስተን 1,000 ኪሎ ግራም ማንሣት ይችላል። ዋጋው የሚከፈለው በርቀት ነው፤ ትንሹ ፒስተን 20 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ትልቁ የሚነሣው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የክሪክ እጀታ ደጋግሞ የሚረገጠው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው የሃይድሮሊክ መኪና ማንሻ ፈጣሪ ተደርጎ የሚጠቀሰው በአሜሪካ የሜምፊስ ከተማ መካኒክ የነበረው ፒተር ሉናቲ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1925 ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከፍና ዝቅ ከሚለው የፀጉር አስተካካይ ወንበር እንደሆነ ይነገራል። በምሰሶዎች የሚነሡት የዛሬዎቹ ዓይነቶች የመጡት ቆየት ብለው ነው።

በኢትዮጵያ የጋራዥ ቋንቋ በአብዛኛው ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮና ጎሚስታ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ክሪክም እንዲሁ። ትልቁ ማንሻ ግን በብዛት የሚጠራው በእንግሊዝኛው «ሊፍት» ነው።

ማንሣትና መያዝ

ማንሻ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው መኪናውን ከፍ ማድረግ ሲሆን ሁለተኛው ከፍ ያለውን ይዞ ማቆየት ነው። ዘይት የመጀመሪያውን በደንብ ይሠራል፤ ለሁለተኛው ግን አይታመንም። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ቢያረጅ ወይም ቱቦው ቢቀደድ ግፊቱ ይጠፋል፤ መኪናውም ይወርዳል። ስለዚህ ደኅና ማንሻ ሁሉ ከዘይቱ ውጭ ክብደቱን የሚሸከም የብረት መቆለፊያ ጥርስ አለው። መኪናው በሚነሣበት ጊዜ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ የዚህ ጥርስ ነው። ሠራተኛው ከሥር ከመግባቱ በፊት መኪናውን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ጥርሱ ላይ ማሳረፍ አለበት።

ክሪክ እንዲህ ዓይነት ጥርስ የለውም። በክሪክ የተነሣ መኪና ሥር የሚገባ ሰው መኪናውን በተስተካካይ የብረት ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። በየግቢው የተለመደው ምትክ ብሎኬት ነው፤ ከሁሉም የከፋው ምርጫም እርሱ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። የተሠራውም በግድግዳ ውስጥ ተደርድሮ፣ በሙሉ ፊቱ ላይ እኩል የተዘረጋ ክብደት እንዲሸከም ነው። የመኪና ሻንሲ ጠርዝ በአንድ ቀጭን መስመር ሲያርፍበት ሳይጎብጥና ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ድንጋይ አይሰበር ይሆናል፤ ግን ይንሸራተታል። ወፍራም የእንጨት ጉማጅ በመስቀል ተደራርቦ ሲቀመጥ ከሁለቱም ይሻላል፤ ምክንያቱም እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጨፈለቃል፣ ድምፅም ይሰጣል።

በዳገት ላይ የቆመ መኪና

10 በመቶ ዳገት (በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ) ላይ የቆመ 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል ወደ 110 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። አራቱም ጎማዎች መሬት ሲነኩ የእጅ ፍሬንና ማርሽ ይህን በቀላሉ ይይዙታል። ችግሩ የሚመጣው መነሣት ሲጀምር ነው።

በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የመኪናው ኋላ በክሪክ ከተነሣ የእጅ ፍሬኑ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ጎማዎችን ነው የያዘው፤ መኪናውን የሚያቆመው ማርሹ ብቻ ይሆናል። በፊት ጎማ በሚነዱት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ በብዛት በሚታየው ቶዮታ ቪትዝ፣ ማርሽ የሚይዘው የፊት ጎማዎችን ነው። ከፊት አንዱን ጎማ ብቻ ማንሣት ግን ያንን ያጠፋዋል፤ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያሽከረክር መሬት ላይ ያለውን ወደ ሌላው እንዲዞር ይፈቅድለታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ በማቆሚያው ማርሽ ላይ ቢሆንም ሁኔታው ያው ነው። ስለዚህ በዳገት ላይ ሊታመን የሚችለው የጭነት መኪና ረዳቶች የሚሯሯጡለት ታኮ ነው፤ እርሱም መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች በቁልቁለቱ በኩል ይደረጋል።

ከዚህ በላይ ክሪኩ ራሱ አለ። ክሪክ ቀጥ ብሎ የሚነሣው መሬቱ ለጥ ካለ ብቻ ነው። በተዳፋት ላይ ሲቆም የመኪናው ክብደት በጎን ይገፋዋል፤ ባለ ጎማ ክሪክ ደግሞ ራሱ ይንከባለላል። በኮብልስቶን በተነጠፈ ግቢ የባለ ጎማው ክሪክ ትንንሽ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ስለሚቀረቀሩ፣ መኪናው ሲነሣ ክሪኩ ተከትሎ መንቀሳቀስ ያቅተውና ይዘነብላል። ወፍራም የብረት ሳህን ከሥር ማንጠፍ ለኮብልስቶኑ መፍትሔ ይሆናል፤ ለዳገቱ ግን አይሆንም።

ወለሉ

ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪናውን የሚይዘው በአራት ክንዶች ሲሆን ምሰሶዎቹ እንዳይወድቁ የሚያደርጋቸው ወለሉ ውስጥ የተቀበረው ብሎን ነው። ብዙ አምራቾች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ አርማታ ይጠይቃሉ፤ ለከባዱ ዓይነት ከዚያም በላይ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ጥንካሬውን እስኪይዝ የሚጠበቀው ጊዜ በተለምዶ 28 ቀን ነው። ብሎኖቹ ከወለሉ ጠርዝና ከስንጥቅ መራቅ አለባቸው።

በአዲስ አበባ ቤቶች ወለል በብዛት የሚጨረሰው በሲሚንቶ ሊሾ ነው። ሊሾ ላዩ የሚያብረቀርቅና ጠንካራ የሚመስል ቢሆንም ማስተካከያ ልባስ እንጂ ጭነት ተሸካሚ አይደለም። ከሥሩ ያለው በፌሮ የተያዘ አርማታ ሊሆን ይችላል፤ በድንጋይና በገረገንቲ ላይ የፈሰሰ ስስ ሲሚንቶም ሊሆን ይችላል። ከላይ አይታይም። ሊፍት ሊገዛ ያሰበ ሰው ምሰሶው በሚቆምበት ቦታ ቀዳዳ በስቶ ውፍረቱን መለካት አለበት፤ ይህ ከዋጋ ድርድሩ መቅደም ያለበት ሥራ ነው።

በእንጦጦ ግርጌ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። በተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ሲደላደል የላይኛው በኩል ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አፈር ወደ ታችኛው በኩል ተገፍቶ በድጋፍ ግንብ ይታገዳል። ውጤቱ አንድ ዓይነት የሚመስል ሜዳ ቢሆንም ግማሹ ያልተነካ መሬት፣ ግማሹ ሙሌት ነው። ሙሌት በደንብ ካልተጠቀጠቀ ለዓመታት ይሰምጣል፤ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥልበት አካባቢ ደግሞ ውሃ ሲገባው ፍጥነቱ ይጨምራል። አንዱ ምሰሶ በተቆረጠው፣ ሌላው በተሞላው በኩል ቢቆም ሊፍቱ ከጊዜ በኋላ ሊዘነብል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ምሰሶዎች ከተራራው ጋር በሚገጥመው፣ ማለትም በተቆረጠው በኩል መቆም አለባቸው። ከድጋፍ ግንቡ ጫፍ አጠገብ ሊፍት መትከል በግንቡ ላይ ያልታሰበ ጭነት መጫን ነው። የግንበኛ ውሃ ልክ በተለያየ ወራት ወለሉ ላይ ማስቀመጥ መሬቱ እየሰመጠ መሆን አለመሆኑን በቀላሉ ያሳያል፤ በተለይ ከክረምት በፊትና በኋላ።

ዓይነቶች

ባለ ሁለት ምሰሶው ጎማዎቹ ነፃ ሆነው ስለሚንጠለጠሉ ለፍሬን፣ ለሾክና ለካምቢዮ ሥራ ተመራጭ ነው። ቦታ ግን ይፈልጋል። 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መኪና 1.8 ሜትር ሲነሣ ጣሪያው ከ3.3 ሜትር በላይ መሆን አለበት፤ የብዙ መኖሪያ ቤቶች ጣሪያ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ይላል። በግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

ባለ አራት ምሰሶው መኪናውን በጎማዎቹ አሳርፎ ያነሣል። ክብደቱ በአራት ነጥብ ስለሚከፋፈል ከወለሉ የሚፈልገው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ጎማ ለመፍታት ተጨማሪ ክሪክ ያስፈልገዋል።

የመቀስ ቅርፅ ያለው ማንሻ በአብዛኛው 1 ሜትር ገደማ ያነሣል። ለመቆም ሳይሆን በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ ለመሥራት ይበቃል። ብዙዎቹ በወለል ውስጥ ሳይቀበሩ ስለሚሠሩና ከቦታ ቦታ ስለሚዛወሩ፣ ተከራይ ለሆነና የአከራዩን ወለል መብሳት ለማይችል ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። ለጥ ያለና ጠንካራ ወለል የመፈለጉ ነገር ግን አልቀረለትም።

ጉድጓድ የጥንቱና የርካሹ መፍትሔ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በውስጡ ይጠራቀማል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በእንጦጦ ሥር ደግሞ በክረምት ከላይ የሚወርደው ውሃ ይሞላዋል። ተዳፋቱ የሚያግዝበት አንድ መንገድ ግን አለ፤ ከላይ በኩል ከመሬቱ ጋር እኩል የሆኑ፣ ወደ ቁልቁለቱ ለጥ ብለው የሚዘረጉ ሁለት የድንጋይ ግንቦች ቢሠሩ መኪናው በላያቸው ይነዳል፣ ሰውየው ከታች በኩል ቆሞ ይገባል። ውሃ አይቋጥርም፣ ትነት አይዝም፣ መብራትም አይፈልግም። ጎማ የሚያግድ ጠርዝና ጫፉ ላይ ጠንካራ ማቆሚያ ሊኖረው ይገባል። ለዘይት ቅያሪና ከሥር ለመመልከት እንዲህ ላለ ግቢ ከብዙ ማሽን ይሻላል፤ ለፍሬን ሥራ ግን አይሆንም።

መብራትና ከፍታ

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ለትላልቅ ጋራዦች የሚሸጡ ሊፍቶች ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ስላላቸው ከመግዛት በፊት የሞተሩን ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል። 2.2 ኪሎ ዋት የሆነ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ሲሠራ ከ10 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ሲነሣ ለአፍታ የሚስበው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር መጋራት የለበትም።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ብዙ ገዢዎች የማያስቡት ነው። በመቆለፊያ ጥርሱ ላይ ያረፈ መኪና ለመውረድ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ጥርሱ የሚላቀቀው ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ መብራት ካጣ መኪናው እላይ ይቆያል። አደጋ የለውም፣ ግን ጠዋት ሥራ መግቢያው ያ መኪና ከሆነ ችግር ነው። በእጅ የሚሠራ ተጨማሪ ፓምፕ ያለው ማንሻ ለዚህ ይመረጣል።

የአዲስ አበባ መሐል ወደ 2,400 ሜትር፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። የዘይት ግፊት ከዚህ ጋር ጉዳይ የለውም። በ3,000 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ግን በታመቀ አየር የሚሠሩ ማንሻዎችን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ይዘገያል። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማያወጣ ደጋግሞ ከማንሣት መካከል ማሳረፍ ይገባል።

ክብደትና አዳዲሶቹ መኪኖች

በማንሻ ላይ የተጻፈው አቅም የጠቅላላው ነው። ባለ 4 ቶን ሊፍት በአራት ክንድ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 1 ቶን ሲሆን፣ ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና የፊቶቹን ክንዶች ይበልጥ ይጫናል። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ብቻ ነው፤ ላንድ ክሩዘር 200 ግን ባዶውን ከ2.5 ቶን ያልፋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው ተለውጧል። እንደ ቮልስዋገን አይ.ዲ.4 ያለ የኤሌክትሪክ መኪና 2 ቶን ያህል ይመዝናል። ባትሪው በወለሉ ሥር በአራቱ ጎማዎች መካከል የተዘረጋ ስለሆነ፣ ቀድሞ ክሪክ ይገባበት የነበረው መሐል ዛሬ ሊነካ አይገባም። የማንሻው ክንድ ማረፍ ያለበት በበሮቹ ሥር አምራቹ ምልክት ባደረገባቸው አራት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ሰፊ ሰሌዳ ያላቸው አንዳንድ የመቀስ ማንሻዎች በቀጥታ ባትሪው ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ጠርዙ የሚስተካከል ወይም የጎማ ትራስ የሚቀበል መሆኑ መታየት አለበት።

ያገለገለ ማንሻ ሲገዛ

ያገለገለ ማንሻ ያለ ጭነት ሲወጣና ሲወርድ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል። መፈተን ያለበት መኪና ተጭኖበት፣ ጥርሱ ላይ ሳያርፍ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው ከሥሩ ሳይኖር ቆይቶ ነው፤ ከተለካው ቁመት ከወረደ ዘይት ያሳልፋል ማለት ነው። ሁለቱን ጎኖች የሚያስተካክለው የብረት ገመድ የተፈታ ክር ሊኖረው አይገባም። በሁለቱ ምሰሶዎች ያሉት ጥርሶች በአንድነት መያዝ አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ገመዱ ተስቧል ወይም ምሰሶው ዘምቧል። የክንዶቹ መገጣጠሚያ እንደገና ተበይዶ ከሆነ ሻጩ የሚሰጠው ምክንያት ምንም ይሁን ምን ያንን ማንሻ መተው ይሻላል።