ያገለገለ ካሜራን በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ፦ ከማስታወቂያው እስከ ርክክቡ

በደብረ ብርሃን ከተማ ካሜራ የብዙ ወጣቶች የእንጀራ መሣሪያ ነው። ከጥምቀት በኋላ የሚደምቀው የሠርግ ወቅት፣ የተማሪዎች ምረቃ፣ ክርስትናና የማኅበራት ጉባኤ ሁሉ ፎቶግራፍና ቪዲዮ አንሺ ይፈልጋሉ። ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አንኮበር ደግሞ በጭላዳ ዝንጀሮዎቹና በአካባቢው ስም በምትጠራው የአንኮበር ሴሪን ወፍ ምክንያት የዱር እንስሳትን ለማንሳት የሚመጡ ባለሙያዎችን ይስባል።

ባለሙያው ካሜራውን በተሻለ ሲለውጥ አሮጌውን መሸጥ ይኖርበታል። ለብዙዎች የአዲሱ ካሜራ ግማሽ ዋጋ የሚገኘው ከአሮጌው ነው። ድሮ ዕቃውን አንጠልጥሎ አዲስ አበባ መውረድና ከሱቅ ሱቅ መዞር፣ አለዚያም ለደላላ አሳልፎ መስጠት ግድ ነበር። ዛሬ ግን በስልክ ማስታወቂያ አውጥቶ ገዢዎች በዋጋ እንዲፎካከሩ ማድረግ ይቻላል። መንገዱ ጥቅም እንዳለው ሁሉ ላልተጠነቀቀ ሰው ዕቃንም ገንዘብንም የሚያሳጣ ነው። ይህ ጽሑፍ የአሠራሩን ሂደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስረዳል።

የጨረታው ዓይነቶች

ጨረታ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በታሸገ ፖስታ የሚካሄደው ነው። ተጫራቾች የሌላውን ዋጋ ሳያውቁ የየራሳቸውን ጽፈው ያስገባሉ፤ ፖስታው ሲከፈት ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ንብረቶቻቸውን ሲያስወግዱ በብዛት የሚጠቀሙት በዚህ ነው። ማስታወቂያዎቹም በአዲስ ዘመንና በበኲር ጋዜጦች ላይ ሲወጡ እናያለን።

ሁለተኛው ግልጽ ጨረታ ነው። እያንዳንዱ ተጫራች የሌላውን ዋጋ እያየ ይጨምራል። በኢንተርኔት የታወቀው ይህ ዓይነቱ ነው። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የመሠረተው ኢቤይ የዚህ ዓይነቱን ገበያ ለዓለም አስተዋወቀ። በዚያ ገበያ ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን በ14.83 ዶላር ተሽጧል። ዕቃው የተበላሸ መሆኑ አልተደበቀም፤ ገዢውም ይህንኑ አውቆ ነበር የገዛው።

በኢቤይ ዓይነቱ ጨረታ ተጫራቹ የመጨረሻ አቅሙን አስቀድሞ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩም በእርሱ ፈንታ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ይጫረታል። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች 30 ሺህ፣ 34 ሺህና 41 ሺህ ብር አስገቡ እንበል። የጭማሪው እርከን 500 ብር ከሆነ ሦስተኛው ሰው የሚያሸንፈው በ34 ሺህ 500 ብር ነው። ሻጩ የሚያገኘው ዋጋ በሁለተኛው ተፎካካሪ ይወሰናል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት እውነተኛ ፈላጊዎችን ማግኘት ያስፈልጋል።

በአገራችን ያገለገለ ካሜራ በብዛት የሚሸጠው በቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክ ቡድኖችና እንደ ጂጂ ባሉ የማስታወቂያ ገጾች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ኮምፒውተሩ ጨረታውን አይመራም፤ ሕጉን የሚያወጣውና የሚያስከብረው ሻጩ ራሱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው መነሻ ዋጋውን፣ አነስተኛውን ጭማሪ፣ የመዝጊያውን ቀንና ሰዓት እንዲሁም የክፍያውን መንገድ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በመጨረሻዋ ደቂቃ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ሌሎቹን እንዳያስቀድም፣ አዲስ ዋጋ በመጣ ቁጥር ጨረታው በ5 ደቂቃ እንደሚራዘም መግለጽ ጠቃሚ ነው።

ሰዓቱም ያለ ጥርጥር መጻፍ ይኖርበታል። «ዓርብ 3 ሰዓት» ማለት ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ማታ ነው። በስልኩ የሚመለከተው የውጭ አቆጣጠር ከሆነም የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። «ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ክርክርን ያስቀራል። ኔትወርክ ቢቋረጥ ጨረታው በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደሚቀጥል አስቀድሞ መናገርም ብልህነት ነው።

ገዢው በእጁ የማይዳስሰው ዕቃ

የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ይዳስሳል፣ ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ይገምታል፣ ሲራመድም ያያል። የኢንተርኔት ገዢ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። ያልታየውን ነገር ሁሉ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ከዋጋው ይቀንሳል። የጨረታ ዋጋ የሚወጣው ሻጩ ዕቃውን ስላሞገሰ ሳይሆን የገዢውን ጥርጣሬ ስላስወገደ ነው።

የካሜራ ዕድሜ በዓመት ብቻ አይለካም። በብዙ ካሜራዎች ውስጥ ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋ ሹተር የሚባል ክፍል አለ፤ እንደ በግ ጥርስ ዕድሜን የሚናገረውም የዚህ ቆጠራ ነው። አምራቾቹ ለካነን 6ዲ 100 ሺህ፣ ለካነን 5ዲ ማርክ 3 እና ለኒኮን ዲ750 ደግሞ 150 ሺህ ጊዜ ያህል እንዲያገለግል ታስቦ መሠራቱን ይገልጻሉ። በአንድ ሠርግ 2 ሺህ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ 75 ሠርግ ሲያነሳ 150 ሺህ ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ሲሞላ ካሜራው ወዲያው ይቆማል ማለት አይደለም፤ ገዢው ግን የሹተር ማስለወጫ ወጪን ማሰብ አለበት። የኒኮን ካሜራዎች ቆጠራውን ከፎቶው ፋይል ጋር ይመዘግባሉ። በብዙዎቹ የካነን ካሜራዎች ግን ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ከነማሳያው ፎቶ ማውጣት ከብዙ ሙገሳ ይበልጣል።

ሌንስ የራሱ ምርመራ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት በድንገት የገባ ካሜራ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። በአንኮበር ጉምና በክረምቱ እርጥበት ውስጥ የቆየ፣ ከዚያም በተዘጋ ቦርሳ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ሻጋታውን ለማየት የሌንሱን ክዳኖች አንስቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከበስተኋላው ባትሪ ማብራት ነው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይህንንም በማስታወቂያው ላይ መግለጽ ግድ ነው። በምስል መቀበያው ላይ አቧራ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ በጣም አጥብቦ ጥርት ያለ ሰማይን ማንሳት ይበቃል። ነጠብጣብ ከታየ ጽዳት ያስፈልገዋል።

ማስታወቂያው የሚከተሉትን ቢይዝ ይመረጣል፦

– የካሜራውና የሌንሱ ሙሉ ስም ከነሞዴሉ፤
– የሹተር ቆጠራ፣ የተገዛበት ዓመትና የተጠገነ ነገር ካለ ጥገናው፤
– ከስድስት አቅጣጫ በቀን ብርሃን የተነሱ ፎቶዎች፣ ጭረቱና ስንጥቁ ጭምር በቅርበት፤
– በካሜራው የተነሱ ያልታረሙ ሁለት ሦስት ፎቶዎች፤
– አብሮ የሚሰጠው ዕቃ ዝርዝር፦ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ቦርሳ፣ ክዳን፤
– ደረሰኝ ወይም ዲክላራሲዮን መኖሩና አለመኖሩ።

የማስረጃ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከውጭው ዓለም አንድ ምሳሌ ማንሳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በጀርመን ቬትስላር ከተማ በተካሄደ ጨረታ ሌይካ 0 ተከታታይ ቁጥር 105 የተባለ ካሜራ በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ካሜራው የሌይካ ፈልሳፊ የነበረው የኦስካር ባርናክ የግል ንብረት ሲሆን በላዩ ላይ ስሙ ተቀርጾበታል። ዋጋውን ያናረው የብረቱና የመስታወቱ ጥራት ብቻ ሳይሆን የማን እንደነበረ መረጋገጡም ጭምር ነው። በትንሹም ገበያ ይኸው ሕግ ይሠራል፤ ደረሰኝ ያለው ካሜራ ደረሰኝ ከሌለው አቻው የተሻለ ይሸጣል።

መቼና በስንት?

የካሜራ ገበያ እንደ እህል ገበያ ወቅት አለው። በኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ በነቢያት ጾምና በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደገስም፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን የድግስ ጊዜ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺ ዕቃውን የሚያሟላው ሥራው ከመምጣቱ በፊት በመሆኑ በታኅሣሥ የሚወጣ ማስታወቂያ በየካቲት ከሚወጣው ይልቅ ፈላጊ ያገኛል።

መነሻ ዋጋ ሲተመን ተመሳሳይ ሞዴሎች በሦስት አራት ቦታ ስንት እንደተጠየቀባቸው ማየት ያስፈልጋል። የተጠየቀው ዋጋ ግን የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ዝቅ ያለ መነሻ ብዙ ተጫራች ይሰበስባል፤ ፈላጊ ከሌለ ግን ሻጩን ያከስራል። «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚባል የመጨረሻ ወለል ካለ፣ ወለል መኖሩን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ጓደኛን የሐሰት ተጫራች አድርጎ ዋጋ ማስጨመር ግን ማታለል ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ተንኮል ውልን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ስምምነት በዚሁ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ ይደነግጋል። ስለዚህ በቴሌግራም የተለዋወጡትን መልእክት አለማጥፋት ይገባል፤ ማስረጃ ነውና።

ቀብድን በተመለከተ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ግልጽ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ከአንድ ተጫራች ቀብድ ተቀብሎ ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ስላቀረበ ብቻ ዕቃውን አሳልፎ የሚሰጥ ሻጭ ይህን ማስታወስ አለበት። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለትም ዋስትና አለበት። ጉድለቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መግለጽ ገዢውን ከመጥቀም አልፎ ሻጩንም ከኋላ ክስ ይጠብቃል።

የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛም ሆነ የሚሸጥ በወንጀል ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት የካሜራው ተከታታይ ቁጥር በሽያጭ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። የራሱን አንድ ካሜራ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም። ለትርፍ እየገዛ ዘወትር የሚሸጥ ግን በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ክፍያና ርክክብ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀሏል፤ የሐሰት መልእክት መላክም እንደዚያው። አጭበርባሪው ገንዘብ የገባ የሚያስመስል ጽሑፍ ወይም የተቀነባበረ የስልክ ገጽ ምስል ይልክና «ሾፌሩ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ ላክልኝ» ብሎ ያዋክባል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መልእክቱን ትቶ የራስን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪውን ማየት። ገንዘቡ በሒሳቡ ላይ ካልታየ ዕቃው ከእጅ መውጣት የለበትም። የሚስጥር ቁጥርንና በስልክ የሚመጣን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሰውም ገዢ አይደለም፤ ገንዘብ ለመቀበል እነዚህን መስጠት አያስፈልግም።

ርክክቡ በአካል ቢሆን ይመረጣል። ቦታው በቀን፣ ሰው በሚበዛበት፣ ለምሳሌ በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ይሁን። ገዢው ካሜራውን አብርቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሌንሱን ፈትሾ ይረከብ። ሁለቱም መታወቂያ አሳይተው ስማቸው፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ ተከታታይ ቁጥሩና የተገለጸው ጉድለት በሁለት ቅጂ ተጽፎ ይፈርሙ። ገዢው ሩቅ ከሆነና ዕቃው በፖስታ ወይም በአውቶቡስ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌንሱ ከካሜራው ተለይቶ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ይታሸግ፤ ሲታሸግም በቪዲዮ ይቀረጽ። በመንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከመላኩ በፊት መስማማት ያስፈልጋል።

በካርዱ ውስጥ የቀረው

የሠርግ ካሜራ የሰው ቤት ምስጢር ይዟል። ከሚሞሪ ካርድ የተሰረዘ ፎቶ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ካሜራውን መሸጥ፣ ያገለገለውን ካርድ ግን ማስቀረት ይሻላል። በካሜራው ውስጥ የተመዘገበ የባለቤት ስምና የዋይፋይ ግንኙነት ካለም ወደ ፋብሪካው ይዞታ በመመለስ ይጠፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ምስል መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመሥሪያ ቤት ጨረታ ለሚገዙ

አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ በመሥሪያ ቤቶች ጨረታ ያገለገለ ካሜራ ሊገዛ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዕቃው ብዙ ጊዜ «ባለበት ሁኔታ» ስለሚሸጥ ለዕይታ በተፈቀደው ቀን ሄዶ መፈተሽ የግድ ነው። የተሞላ ባትሪና ካርድ ይዞ ለመሄድና ዕቃውን አብርቶ ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም። የጨረታ ማስከበሪያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በሲፒኦ፣ አሸናፊው በስንት ቀን መክፈል እንዳለበት፣ ካልከፈለ ማስከበሪያው እንደሚወረስ ከሰነዱ ማንበብ ያስፈልጋል። ፖስታው ከታሸገ በኋላ ዋጋ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይቻልምና፣ በታሸገ ጨረታ የሚጻፈው ዋጋ ሰውየው ያለ ጸጸት ሊከፍለው የሚችለው ብቻ ይሁን።

ለሻጭም ሆነ ለገዢ በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል፦ ጉድለቱ በጽሑፍ ይገለጽ፣ ገንዘቡ በሒሳብ ላይ ይታይ፣ ርክክቡ በፊርማ ይደምደም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጨረታውን ማዘግየት ከኪሳራ ያድናል።